በመሐላው ቀን ያነሳሁት እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ወደ ሰልፍ ስትሄድ፣ «እማ፣ ዛሬ አብረሽኝ ነይ። ዝም ያለ ሁሉ ከእነሱ ጋር ነው» አለችኝ። ይህን አነጋገር በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ እያነሳ «ይውደም!» ይል ነበር። ያላነሳ ስሙ ይጻፋል። አባቴ አንድ ቀን የጎረቤታችን ስም ሲጠራ እጁን አላነሳም። ታስሮ ሲመለስ ቀኝ እጁ አይዘረጋለትም ነበር።

ሎስ አንጀለስ መጥቼ የአሜሪካ ዜግነት ለመቀበል ስቀርብ ገና ወጣት ነበርኩ። አባቴን ማስመጣት የምችለው ዜጋ ስሆን ነው። ኮሪያታውን ሰፈር አብረን የምንኖረው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ዌስትቼስተርም አንድ ሆቴል የምናጸዳው እትዬ ዘነበች የሚምሉት በዚያው ቀን ነበር። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ወደ መሐላው የሚወስደን አውቶቡስ እንደ ምድጃ ይፋጃል። እትዬ ዘነበች ለጾም መፍቻ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረዋል።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«መማል ፈራሁ። ኃጢአት ነው።»

«አፍሽን አንቀሳቅሺ እንጂ፤ ማን ይሰማሻል? አባትሽን አታመጪም?»

አዳራሹ ውስጥ «ቀኝ እጃችሁን አንሱ» ተባለ። የእኔ ግራ እጅ ተጨብጦ ወጣ። እትዬ ዘነበች መትተው አወረዱት።

«አንቺ! ደርግ ናት ብለው ይመልሱሻል!»

ከኋላችን የቆመ አበሻ ሳቀ። ቀኝ እጄም አልነሳ አለኝ። አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መጥታ ችግሩን ጠየቀችኝ።

«ሃይማኖቴ መማል አይፈቅድልኝም» አልኳት። አባቴን በዚያች ቃል ያጣሁት መሰለኝ።

«ኦኬ። እምላለሁ በሚለው ፈንታ አረጋግጣለሁ በይ። ሕጉ ይፈቅዳል» ብላኝ ሄደች። ስሜን እንኳ አልጻፈችም።

ቀኜን አንስቼ አረጋገጥኩ።

የምዕራቡን ባህል ብዙውን ዛሬም አልለመድኩትም። ፖለቲካዬ የምለውን ግን ያን ቀን አገኘሁ፦ እምቢ ያለን ሰው የማያሳድድ ሕግ። ለእሱ ታማኝ ነኝ።

አባቴ ሲመጣ ይህን ነገርኩት። «እና ምንም አላሉሽም?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ በግራ እጁ ባረከኝ።

ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ ለሊያ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እና፣ አትመጪም?» አለች።

«እመጣለሁ። እጄን ግን አላነሳም።»

ሰልፉ መሃል ወጣቶቹ እጃቸውን ጨብጠው ሲያነሱ እኔ እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ። የሊያ ጓደኛ ዞር ብላ፣ «ማዘር፣ እጅሽን አንሺ እንጂ! ከማን ጋር ነሽ?» አለችኝ። ሊያ እኔን አየች፤ ጓደኛዋን አየች።

«ተያት፤ ካልፈለገች አታነሳም» አለች።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ጓደኛዋ የሰማቻት አልመሰለኝም። እኔ ሰምቻታለሁ፤ ተመስገን። ከዚያ ቀን ወዲህ በጸሎቴ የምለምነው ድምፅዋ ከፍ እንዲል ነው።