አጋም ላይ የተሰጣ ነጭ ጨርቅ

ባለፈው ገበያ ቡሬ ሄጄ ለልጄ የሽንት ጨርቅ ስመርጥ ነጋዴው ሣቀብኝ። እጄ ላይ የነበረው አመድማ ጣቃ ነው። "እመቤቴ፣ ለሕፃን ነው አላሉኝም? ነጩ አቡጀዲ ዋጋው ይረክሳል፤ ይለሰልሳልም" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የጨርቅ ቀለም ሰው እንደማይገድል አጥቼው አይደለም። ነጩን ገዛሁ። አዲስ አቡጀዲ ግን እንደ ሊጥ ያለ ሽታ አለው፤ ያ ሽታ ፍኖተ ሰላም ቤቴ እስክገባ ድረስ አልለቀቀኝም።

ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ዱር ቤቴ ብሏል። ቤታችን ከተቃጠለ በኋላ እናቴ፣ እኔና የአባቴ ታላቅ እኅት ብር ከሚባለው ወንዝ በላይ ካለ ዋሻ ገባን። አክስቴን እቴቴ ነበር የምንላቸው። ወንድሜ እዚያው ዋሻ ውስጥ ተወለደ። መቼም ልጅ ልጅ ነውና ዋሻው መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በጠጠር ቅልብልቦሽ እጫወታለሁ፣ የአጋም ፍሬ እለቅማለሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ ያኔም፣ አሁንም። ግን ቀን እሳት አይነድም፣ ጭሱ ያስታውቃል። ጮክ ብሎ ማውራት የለም። አይሮፕላን ከተሰማ መሬት መያዝ ነው።

ወንድሜን መጀመሪያ የጠቀለልነው በአሮጌ ባና ቁራጭ ነበር። ባናው ይሞቃል፤ ጠቆር ያለ ስለሆነም ከሰማይ ሲያዩት አይለይም። ግን ሻካራ የበግ ጠጉር ነውና የልጁን ቂጥ ላጠው። ሸለቆውን በጩኸት ሞላው። ጩኸት ደግሞ ያስይዛል። እቴቴ የቀረችንን አንዲት ቅል ማር ይዘው ቡሬ ሄዱ፤ ከባንዳው መሃል ተጋፍተው በስድስት ቁራጭ አቡጀዲ ለውጠው ተመለሱ። "ማራችንን ለዚህ ጌታ ቂጥ ሰጠነው፤ እንግዲህ ኮርቶ ይሽና!" ብለው ሣቁ።

እናቴ አልሣቀችም። ጨርቁን ወንዝ ዳር ወስዳ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ከተተችው፤ በእግሯ ስትረግጠው ዋለች። ስታወጣው ጠቁሯል። በእኛ አገር ጨርቅ ጭቃ የሚነከረው ሰው ሲሞት ነው፤ ከል ይባላል። እቴቴ ሲያዩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"አንቺ፣ ምን ነክቶሻል? በሕይወት ላለ ልጅ ከል?"

"እቴቴ፣ ነጭ ከሰማይ ይታያል።"

"ሞትንስ በገዛ እጅሽ መጥራትሽ አይታይሽም?"

"ሞቱ በሰማይ ነው የሚመጣው፤ ድምፁን ሰምተውት የለ!"

እቴቴ ፊታቸውን አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ልጁን ትኩሳት ያዘው። እቴቴ ጥቁሩን ጨርቅ አይተው አማተቡ። ለእኔ ያ በቂ ነበር።

በማግስቱ እናቴን ልጁን እንዳቀፈች እንቅልፍ ሲጥላት፣ እሱ ላይ ከነበረችው በቀር አምስቱን ጨርቅ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። እንዶድ ወቅጬ እስኪነጣ አሸሁት። ጥቁሩ እድፍ ከውሃው ጋር ሲሄድ የወንድሜ ትኩሳት አብሮ የሚሄድ መሰለኝ። ዋሻው ውስጡ እርጥብ ነው፣ አያደርቅም። ስለዚህ ከዋሻው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ፀሐይ ከሚመታው አጋም ላይ አሰጣኋቸው። እንዴት አምረው ነበር! ቆሜ አየኋቸው። እናቴ ስትነቃ የምትመርቀኝ መሰለኝ።

መጀመሪያ ንብ ነው ብዬ ነበር። ድምፁ እየወፈረ መጣ። አይሮፕላኑ በላያችን አልፎ ሄደ፤ ተመስገን ልል ስል ዞረ። እቴቴ ከታች እንጨት ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው ነጩን አዩ፣ እኔን አዩ። "መሬት ያዢ!" ብለው ጮኹብኝና ሽቅብ ሮጡ። ያን ያህል የሚሮጡ አይመስለኝም ነበር። አራቱን መነጨቁ። አምስተኛዋን የአጋሙ እሾህ ያዘባቸው። ይተዉት ብዬ መጮህ ነበረብኝ፤ እኔ ግን መሬት ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ የማስታውሰው የአፈርና የባሩድ ሽታ ነው። እናቴ ስትደርስ እቴቴ አራቱን ጨርቅ ከሆዳቸው ሥር ሸጉጠው ተጋድመዋል። "እኔ ነኝ ያጠብኩት" አሏት። "ልጅቷ ተዉ ብትለኝ አልሰማኋትም።" ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

በዚያው ቀን ቀብረናቸው ዋሻውን ለቀቅን። ከመውጣታችን በፊት እናቴ አራቱን ጨርቅ መልሳ ዋልካው ውስጥ ነከረች። ሁለቱን ሰፍታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ለእቴቴ ከል። ሁለቱ ለወንድሜ ሆኑ። ጭቃው አንድ፣ ቀለሙ አንድ። ወንድሜ ዳነ። ዛሬ በቁመት በልጦኛል፤ የሽንት ጨርቅ ሲነሣ ያፍራል።

አሁን አይሮፕላን የሚጭነው ሰውና ደብዳቤ ነው። የሠፈሩ ልጆች ሲያዩት እያጨበጨቡ ይከተሉታል። ትናንት የልጄን ጨርቆች አጥቤ አጥሩ ላይ አስጥቼ ሳለ ያ ድምፅ መጣ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት እርጥቡን ጨርቅ ከሆዴ ሥር አድርጌ ጓሮው መሃል ተደፍቼ ነው። ቀና ስል እናቴ ልጄን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

"ተነሺ፤ መልሰሽ አስጪው" አለችኝ።

"እማዬ፣ ያኔ ያጠብኩት እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ። እጅሽ ስንት ቀን ሙሉ እንዶድ እንዶድ ይሸት ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እቴቴ ሲሞቱ የሰጡሽን እኔ ልንጠቅሽ?"

ጨርቆቹን አንድ በአንድ አራግፌ አጥሩ ላይ መለስኳቸው። አይሮፕላኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ልጆቹም ወደ ጨዋታቸው ተመልሰዋል። እናቴ ግን የመጨረሻዋ ጨርቅ እስክትደርቅ ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗን ሰማዩ ላይ ተክላ፣ ልጄን በነጠላዋ ሸፍና እንደቆመች ነበረች።