አረንጓዴው ካርታዬ ኮሶዬ ላይ ሰማያዊ የሆነበት ጉዞ

ከጎንደር የተነሣሁት በማለዳ ነው። የምሄደው አምባ ጊዮርጊስ፣ የመንደር ተወካዮች ወደሚሰበሰቡበት ስብሰባ ነበር። የዘንድሮው በጀት የሚበቃው አንድ ምንጭ ለማጎልበት ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው መንደር ይቅደም የሚለውን እነሱ ይወስናሉ። የእኔ ድርሻ ካርታ ማሳየት ነው። እያንዳንዱ መንደር በበጋ ውሃ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚጓዝ ሰብስቤ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ጽፌ ካርታውን በቀለም አስቀብቼዋለሁ። መንገዱ በረዘመ ቁጥር አረንጓዴው እየጠቆረ ይሄዳል። አረንጓዴን የመረጥኩት ዓይን አያደክምም ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በካርታዬ ኮርቼበት ነበር። የቀረኝ ነገር ቢኖር የመንደሮቹ ስም ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣብኛል።

ኮሶዬ፣ ቁርስ

ሾፌሩ «ቁርስ ያላችሁ!» ብሎ ሚኒባሱን አቆመ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻይና ትኩስ ዳቦ አዝዤ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት ስም ኮዱ ውስጥ ብጽፍለት ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑልኝ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ።

«ይኸ ምንድር ነው፣ ልጄ?»

«ካርታ ነው፣ አያ። ለዛሬው የውሃ ስብሰባ ነው።»

«እኔም ለሱ ነው የምሄድ። ዘለቀ እባላለሁ፤ የጥድ አምባ ተወካይ ነኝ። የኛ ወዴት አለ?»

ጠቆምኳቸው። በጣም ከጠቆሩት አንዱ ነው። ፊታቸው በራ።

«እሰይ! እንዴት ያለ ሸጋ ነው! ለምለም አድርገሽናል።»

ክው አልኩ። ሰውየው ውሃ ሊለምኑ ወጥተዋል፤ የእኔ ካርታ ደግሞ መንደራቸውን መስክ አድርጎታል። የጠቆረው የተቸገረው እንደሆነ ስነግራቸው ፈገግታቸው ጠፋ።

«ምነው ታዲያ? ሰው ይህን አይቶ ‹እነዚህ ምን ጎደላቸው› ይለናል እኮ።»

የቀለሙ ማብራሪያ ካርታው ጥግ ላይ ተጽፏል ልል አልኩና ተውኩት። ቢጫ አደረግሁት። «ይኸማ የደረሰ ገብስ ነው» አሉ፤ ሻይ የምትቀዳው ሴት ሳቀች። በመጨረሻ ኮዱ ውስጥ የሰማያዊውን ቀለም ስም ጽፌ፣ ጫፉ ላይ የታች ሰረዝና አንዲት ፊደል ጨመርኩ፤ ያኔ የቀለሙ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ውሃ የቀረበው መንደር ጥልቅ ሰማያዊ ሆነ፣ የራቀው እየነጣ ሄደ።

«አሁን ገና ውሃ ሆነ» አሉ አያ ዘለቀ። ሻያችንን ጨልጠን ተሳፈርን።

መንገድ ላይ

ከጎኔ ተቀመጡ። ከመስኮቱ ውጭ የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ እየተከታተለ ያልፋል። ስለ ምራታቸው ነገሩኝ። ነፍሰ ጡር ናት፤ እንዲያም ሆና ጀሪካን አዝላ ገደሉን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። «አምና አንዷ ተንሸራታ እግሯን ተሰበረች። ዛሬ ምንጩን ሳልይዝ አልመለስም ብዬ ነው የወጣሁ» አሉኝ። ልቤ ወደ እሳቸው አደላ፤ ይሁንላቸው ብዬ ተመኘሁ።

ካርታውን መልሼ ሳየው ደስ አላለኝም። ቀለሙን በሦስት ደረጃ ብቻ ስለከፈልኩት ሸካራ መስሏል። ሦስቱን አምስት አደረግሁት። ካርታው አማረ። ነገር ግን ጥድ አምባ፣ ገደል ሥር ከሚባለው ጎረቤት መንደር ጋር እኩል ነጭ የነበረው፣ አሁን ሰማያዊ ጠቀስ አደረገው። ነጭ ሆኖ የቀረው ገደል ሥር ብቻ ነው።

አምስቱን ወደ ሦስት መመለስ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው፤ ሦስቱም ቢሆን ውሸት አይደለም። ሁለቱ መንደሮች እኩል ሆነው ከቀረቡ ደግሞ እኚህ አንደበታቸው የተባ ሽማግሌ ስብሰባውን ይረቱታል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«ነጩ የማን ነው?»

«የገደል ሥር ነው።»

«የኛስ ነጭ አልነበረም?»

«ነበር፣ አያ። ደረጃውን ሳበዛው ግን የእነሱ ይብሳል።»

አምባ ጊዮርጊስ እስክንገባ ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ መንገዱን አዩ። ተቀይመውኛል ብዬ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

አምባ ጊዮርጊስ

ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ አዳራሹ ተንጫጫ። ሁሉም መንደሩን ይፈልጋል፣ በጣቱ ያሳያል፣ ለጎረቤቱ ይነግራል። ማብራሪያ የጠየቀኝ የለም። የገደል ሥር ተወካይ ከኋላ የተቀመጠች ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ እጇን እንኳ አላወጣችም።

እንደ ወጉ ንግግሩ በሽማግሌ ይጀመራል ተባለና አያ ዘለቀ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«የመጣሁ ለጥድ አምባ ልጮህ ነበር። የሚያስጮህም ነገር አላጣሁም። ያችን ነጭ እያየሁ ግን ለራሴ ብለምን እግዜር ይታዘበኛል። የገደል ሥር ይቅደም።»

የሚቃወም ጠፋ። ሴትዮዋ መጥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷት።

መልስ

ስንመለስም አብረን ተሳፈርን። አልተቀየሙኝም፤ እንዲያውም የገብስ ቆሎ አውጥተው ዘገኑልኝ። ኮሶዬ ሊወርዱ ሲሉ አላስችል አለኝና ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ምራትዎን ምን ይሏታል?»

«ምን እላታለሁ? ‹ለከርሞ ነው› እላታለሁ» አሉና ወረዱ።

ጎንደር ስገባ አመሻሽቷል። የሰፈራችን የውሃ ተራ ደርሶ ኖሮ ቧንቧው ይንፎለፎላል፤ ጎረቤቶቼ ባልዲና ጀሪካን ደርድረዋል። እኔም የራሴን አምጥቼ ደቀንኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ካርታ ከመቅባቴ በፊት የሚያየውን ሰው መጠየቅ እንዳለብኝ ነው። ከዚህ በኋላም እጠይቃለሁ። ደግሞም ያን ቁጥር ከአምስት ወደ ሦስት ስላልመለስኩት አልጸጸትም።

ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን ዘጋሁ። ይህን ጊዜ አያ ዘለቀ ቤታቸው ደርሰዋል፤ ምራታቸውም ገና በር ላይ «እንዴት ሆነ?» ብላቸዋለች።