የጋሽ ጅግሶ ናሙና

ሆዴ ላይ ያለውን የስፌት ጠባሳ ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዲላ ቡና ለቀማ ላይ ስሠራ ሆዴን ታመምኩ፤ ሰገራዬም እንደ ከሰል ጠቆረ። ማን ሆዱ ውስጥ እንደሚደማ ቀድሞ ለማወቅ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

«ሦስት ቀን ሥጋ አትብላ፤ ከዚያ ሰገራህን በክብሪት ቤት አምጣ። ደም ካለው ይርጋለም ሆስፒታል ሄደህ ሆድህ ይከፈታል» አለኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጅግሶ ይህን ሰምተው፣ «እኔም ሥጋ ሳልቀምስ አብሬህ እጾማለሁ» አሉኝ። ጌታ ይስጣቸው።

ቀኑ ሲደርስ የራሴን ሰገራ አይቼ አፈርኩ። እኛ ለነጋዴ የቡና ናሙና ስንልክ ጥቁሩን ፍሬ ለቅመን ጥለን ነው። የራሴን በክብሪት ቤት አድርጌ ኪሴ ከትቼ፣ ሌላ ባዶ ክብሪት ቤት ይዤ ጋሽ ጅግሶ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ትንሽ ይስጡኝ፤ የእኔ ለሰው አይታይም።»

«ነፍስንም ስለ ወዳጅ መስጠት ተጽፏል፤ ይቺማ ምን አላት» ብለው ክብሪት ቤቱን ይዘው ወደ ጓሯቸው እንሰት ውስጥ ገቡ።

ሐኪም ቤትም አብረውኝ መጡ። ሐኪሙ ናሙናው ላይ መድኃኒት ጠብ ሲያደርግበት ሰማያዊ ሆነ።

«ደም አለ። ወይስ ሥጋ በልተሃል?»

«በጌታ ስም አልበላሁም።»

«እንግዲያው ነገ ይርጋለም ትሄዳለህ።»

እውነቱን ልናገር እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ጋሽ ጅግሶ ቀደሙኝ።

«ዶክተር፣ እሱን ይተዉት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው፤ «ትናንት ሠርግ ቤት ጥሬ ሥጋ የበላሁት እኔ ነኝ።»