ፋስቲንግ ያልነው ጾም

ከደሴ የወጣሁበትን ማታ ሳስብ ትዝ የሚለኝ የእናቴ ለቅሶ ሳይሆን የእናቴ ውሃ ነው። ጎረቤት ሊሸኘኝ ተሰብስቧል፣ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ እሷ በየመሀሉ እየተነሳች ከጆጉ ትቀዳና ትጠጣለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ጓሮ ትወጣለች። በዚያ ብርድ። አንዷ ጎረቤታችን «ሐዘን እኮ ጉሮሮ ያደርቃል» አለች፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቀሚሶቿም በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰፍተዋት ነበር። የልጇ መሄድ ጨረሳት ተባለ፣ እኔም አመንኩ። እንዲያውም ይህን ያህል መወደዴ ሆዴን ደስ ብሎት ነበር።

ስለ መንገዱ ብዙ አልላችሁም። አውሮፕላን ላይ ተቀምጠው የሚሄዱት መንገድ ምን ታሪክ ይወጣዋል? እኔን የደከመኝ ከደረስኩ በኋላ ነው። ቶሮንቶ የገባሁት በሁዳዴ መጀመሪያ ነው፤ የደሴ ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበር። የጦሳ ተራራ ብርድ ጋቢ ሲያይ ይመለሳል፤ የዚህኛው ጋቢም ጃኬትም አይቆጥርም። ቤት ፍለጋ ስንከራተት ቆይቼ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው የፎቅ ጫካ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚቆምበት ቀን በሚበዛ ሕንጻ ላይ፣ አንዲት የስሪላንካ ሴት ክፍል እንደሚያከራዩ ሰማሁ።

«ሥጋ ትበያለሽ?» አሉኝ ገና በሩን ሲከፍቱ።

«አሁን ጾም ነው፤ አልበላም።»

ፊታቸው በራ፣ ቁልፉንም ሰጡኝ። ሲፈሰክ ምን ይውጠኝ ይሆን እያልኩ ገባሁ።

ስማቸው ሴልቪ ነው፣ እኔ ግን አካ እላቸዋለሁ፤ በታሚል ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው አብረን ስናወራ አንቺና አንቺ ነን፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እሺ አይለኝም። ለእናቴ ስነግራት ድሮ ሒሳብ ያስተማራት ህንድ ትዝ አላትና «ህንዷ ደግ ናት?» ትለኛለች። ህንድ አይደሉም ብላት ብሠራት አልሰማም አለች። ደግስ ደግ ናቸው። ሩዛቸው ቃሪያችንን ያስንቃል፣ ምስራቸው ደግሞ በርበሬ እንደረሳ ሰው ወጥ ነው፤ ቢሆንም ከሥራ ደክሜ ስገባ ሳህን ተከድኖ ይጠብቀኛል።

አካ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው። ቅጥነታቸው እኔን ነው የሚያክሉት፣ እኔ ደግሞ እንጨት ነኝ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አንሞላም። ባላቸው ገና ጠጉራቸው ሳይሸብት አውቶቡስ ሲጠብቁ ልባቸው ቆሞ ነው የሞቱት። አገራቸው ካሉት ወንድሞቻቸው አንደኛው እንዲሁ ሞተ፣ ሌላኛው እግሩን ተቆርጧል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሊያመጧት ወረቀት ጀምረው ዓመታት አልፈዋል። «እሷ እስክትመጣ ብቻ» ይላሉ። ምን እስክትመጣ ብቻ እንደሆነ አይጨርሱትም።

በዓመቱ፣ እንደገና ሁዳዴ ሲገባ፣ አካ እግራቸው ላይ ያለች ትንሽ ቁስል አልድን አለች። እንደ ብዙው የሕንጻው ሰው የራሳቸው ሐኪም የላቸውም፤ ሺፍታቸውን ትተው ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ዎክ ኢን ክሊኒክ ሄዱ። ከዚያ ለደም ምርመራ ቀጠሮ ሲሰጥ ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው፣ የአካ እንግሊዝኛ በስልክ ስለሚጠፋ። ልጅቷ ፋስቲንግ ሆነው ይምጡ አለችኝ።

ፋስቲንግ! ለእኔ ነው እንዴ ፋስቲንግ የሚነገረኝ? አገር ቤት ሜኑ ላይ «ፋስቲንግ ፉድ» ተብሎ የሚጻፈው በያይነቱ አይደለም? ፋስቲንግ ኬክ በልቼ አላደግኩም? ለአካ አስረዳኋቸው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። እሳቸው «በእኛ አገር ጾም ወተት ይፈቀዳል» ብለው ተከራከሩኝ። ለጥንቃቄ ብለን የእኔን ያዝን፣ የጠነከረው ነውና። ጠዋት፣ ደም ሲቀዳ እንዳይደክማቸው፣ ዳንፎርዝ ካለው የሐበሻ ሱቅ ያመጣሁትን እንጀራ በሽሮና በምስር አቀረብኩ፣ በላዩ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ አጠጣኋቸው።

ደም የምትቀዳዋ ልጅ ፋስቲንግ ናችሁ ወይ አለች። ሁለታችንም በኩራት አዎ አልን።

«ስንት ሰዓት ሆናችሁ?»

«ሰዓት አይደለም» አልኳት፤ «ሃምሳ አምስት ቀን ነው።»

ቀልድ መሰላት። ሳቀችና መርፌዋን አነሳች።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ጠራን። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል፣ ጠዋት ምን በልተው ነበር ሲለን ምንም ሳልደብቅ ዘረዘርኩለት። ማንጎው ላይ ስደርስ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ አካን ከላይ እስከ ታች አየና ሳቀ፤ በቃ ይኼ የማንጎው ነው፣ ክብደታቸውም ግሩም ነው አለ። ዳያቢቲስ ያለበት ዘመድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አካ የለም አሉ። ጊዜ ሲኖራችሁ ትደግሙታላችሁ ብሎ ሸኘን፤ በሩ ላይ ቀጣዩ ሰው ቆሞ ነበር።

አካ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። እኔም ለቅጣት ታስቦ ምሕረት እንዳገኘ ተማሪ ሆንኩ። ጊዜ ሲኖራችሁ የተባለው ግን ጊዜ ላለው ሰው ነው። ሺፍት የተወ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የአለቃ ፊት ያያል። ምርመራው ቀረ፣ ቁስሏ ግን አልቀረችም። አካ በካልሲ ላይ ካልሲ እየደረቡ ሸፈኗት።

የቶሮንቶ በጋ ሲገባ በሊፍቱ ውስጥ የሚለጠፉትን የሐዘን ወረቀቶች ማየት ጀመርኩ። አንዴ የታሚል፣ አንዴ የባንግላዴሽ፣ አንዴ የፊሊፒን ነው። ፎቶዎቹ ላይ ሽበት አይታይም። ሁሉም ቀጫጭኖች፣ ሁሉም ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ ትናንት ከእኛ ጋር ሊፍት የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ምን ገደለው ሲባል «ልቡ ነው፣ ስኳርም ነበረበት» ይባላል። አገር ቤት ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው እንላለን። እዚህ ሕንጻ ውስጥ ሀብታምም ወፍራምም አላየሁም። አንድ ጠዋት አካ ጫማቸው አልገባ ሲላቸው ተጣላን። ልጃቸው መጥታ የምታገኘው ፎቶ ይሁን ወይ አልኳቸው። ክፉ ንግግር ነው፤ ግን ቦርሳቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

በዚህኛው ጊዜ ያየችን ሐኪም ቤተሰቦቿ ከቻይና የመጡ ናቸው። አስቀድማ ያደረገችው ሜትር አውጥታ የአካን ወገብ መለካት ነው። ቀጥላ «ሹገር ያለበት ሰው በቤተሰብ አለ?» አለች።

«ሹገርማ ሁሉም» አሉ አካ። ባላቸውን፣ ወንድሞቻቸውን፣ እናታቸውን ጠሩ። ያላወቁት ዳያቢቲስ የሚለውን ትልቁን ስም ነው እንጂ ሹገርን ማን ያጣዋል፤ የእኛም ሰው ስኳር ነው የሚለው።

የፊተኛው ሐኪም ክብደታቸው ግሩም ነው ማለቱን ስነግራት ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «ያ የክብደት ሚዛን ነጮች ታይተው የተሠራ ነው። ከእነሱ አገር ለመጡ፣ ለእኛም ጭምር፣ ሰውየው ቀጭን ሆኖ ሳለ ስኳሩ ይጀምራል፤ ልብም አብሮ ይታመማል። የእኔም አባት ቀጭን ነበር» አለች። «ነበር» ማለቷ ገባኝ።

በማግስቱ አካ እውነተኛውን ፋስቲንግ ይዘው ሄዱ፣ ውሃ ብቻ። ማንጎው ቀርቶም ስኳሩ እዚያው ነበር። ሐኪሟ ዓይንና እግር ላይ እየጠቆመች፣ እኔ በቀላል እንግሊዝኛ እየደገምኩ ምልክቱን ጠየቅናቸው። ውሃ ይጠማል? ሽንት እያመላለሰ ያስነሳል? እየበሉ መክሳት፣ ልብስ መስፋት አለ? አካ ለሁሉም አዎ ይላሉ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን መድገሜን ተውኩ። ዓይኔ ላይ የመጣው የደሴው ጆግ ነው፣ የሰፋው ቀሚስ፣ ወደ ጓሮ የምትወጣው ነጠላ። ሐኪሟ ምን ሆንሽ አለችኝ። አካ እጄን ያዙኝ፤ ለእሳቸው ያለቀስኩ መስሏቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት ነው።

«እማዬ፣ ሐኪም ቤት ሄደሽ ስኳርሽን ተለኪልኝ።»

ሳቀች። «ስኳር የወፍራም ነው ልጄ። እኔን ነፋስ ሊወስደኝ ነው።»

«ጠዋት ሳትበዪ ነው የምትሄጂው። ሽሮም ቢሆን አይቀመስም። ውሃ ብቻ።»

«ለመጾሙ ማን ብሎኝ» አለች። እሄዳለሁም አለች፣ እኔን ዝም ለማሰኘት እንደሆነ ታውቋታል፣ ታውቆኛልም። ከዚያ ህንዷ ተሻላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒት ጀምረዋል፣ ቁስሉም ታጥቦ ታሽጓል አልኳት። ልጅቷስ መጣችላት አለች። ገና ናት አልኳት።

«አይ፣ የልጅ ነገር» አለች እናቴ፣ ከዚያም ውሃ ሲቀዳ በስልኩ ተሰማኝ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጠማኝ እኮ፤ ሙቀቱ ነው።»

ደሴ ላይ፣ በሐምሌ።

«ቆዪኝ አንዴ» ብላ ጠጣች። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ስትውጥ እሰማታለሁ። ጨረሰች ብዬ አፌን ስከፍት ደግማ ቀዳች።