ሰማንያ ቀኗ እስኪሞላ

ባለፈው ነሐሴ የወንድሜ ልጅ፣ መቆያ፣ ቤት ሊገዛ ተነሣና እኔንም አስከትሎኝ ወጣ። ስለ ቤት ምን አውቄ? ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት መናገር እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ሴት ነኝ። እሱ ግን «እትዬ፣ አንቺ ያላየሽውን ቤት አልገዛም» ብሎ ድርቅ አለ። መካነ ሰላም ከተማ ዛሬ በየአጥሩ ላይ «ይህ ቤት ይሸጣል» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎባታል። ደላላው ጭቃውን እየዘለለ ከፊታችን ይሄዳል፤ በስልኩ ፎቶ ያሳያል፤ ዋጋ ሲጠራ እኔ ጫማዬን አያለሁ። እንዲያ ያለ ገንዘብ በአፍ ሲጠራ መስማቱ ራሱ ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ የወሰደን አያ ይመር ቤት ነበር። አያ ይመር በመካነ ሰላም የታወቁ ነጋዴ ነበሩ፤ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አሁን ልጆቻቸው ሸጠው ሊካፈሉ ነው። በዚያ ደጅ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ቆርቆሮውን ዝናብ ይደበድበዋል። አንዲት ልጅ እግር ተከራይ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ደላላው እንደ ዕቃ አለፋት።

«ቤቱን አትዩት፤ የሚፈርስ ነው» አለው መቆያን። «ዋጋው የቦታው ነው። እንጨቱ ምንም አያወጣም፤ ለማገዶ ታደርጉታላችሁ። ተከራይዋም በዚህ ሳምንት ትወጣለች።»

እኔ ያን ጊዜ የማየው ሳሎኑና ጓዳው በሚለዩበት ላይ የቆመውን ምሰሶ ነበር። የጥድ ምሰሶ ነው፤ ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። ከወገብ ከፍ ብሎ በቢላዋ የተፋቁ ሦስት ሰረዞች አሉበት። እጄን ሰደድኩ። ጣቶቼ ከዓይኔ ቀድመው አወቋቸው።

ያን ምሰሶ የተከለው አባቴ ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ብርዳም ደጋ ላይ ነበር። ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ራቡ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ሰው መጀመሪያ በጉን ሸጠ፣ ቀጥሎ በሬውን፣ ቀጥሎ ቤቱን። ቤት ተሸጠ ስል መሬቱን ማለቴ አይደለም። መሬቱ የባለርስት ነው፤ የኛ የሚባለው እንጨቱ ብቻ ነበር። ገዥ ሰው ይዞ ይመጣል፣ የጣራውን ሣር ይገፋል፣ ማገሩን ይፈታል፣ ምሰሶውን ነቅሎ በትከሻና በበቅሎ ወደ ከተማ ያወርዳል። ሁሉም ሻጭ ሲሆን ዋጋው ወደቀ። በበጋው መግቢያ ሁለት ጭነት ገብስ ያወጣ የነበረ ቤት፣ ፋሲካ ሲደርስ አንድ ጭነት የሚሰጥበት ከተገኘ ባለቤቱ እጅ ነስቶ ነበር የሚቀበለው። በገበያ ቀን በእንጨት ተራ ስታልፉ የማን ቤት እንደሆነ ከነጥላሸቱ ይታወቃል። «ያ የነእንትና በር አይደል?» ይላሉ ሴቶቹ። ከዚያ ያልፋሉ።

እናትና አባታችን ሞተው ስለነበር ቤቱን የሸጠው ወንድሜ ከበደ ነው። የገዙት አያ ይመር ናቸው። ከበደ የቤቱን ዋጋ ገብስ ጊዜ እንድንገፋበት ብሎ ለእኔና ለሚስቱ ለተዋበች ትቶልን፣ እሱ ጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ወረደ። ተዋበች ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። አራስ የተኛችበት ቤት ደግሞ አይፈርስም። ይህን በኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብረዋል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ተባለ፦ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ቤቱ አይነካም፤ ወንድ ከሆነ እስከ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ። አያ ይመር «ይሁን» አሉና ቢላዋቸውን አውጥተው የእሳቸው መሆኑ እንዲታወቅ ምሰሶው ላይ ሦስት ሰረዝ ፋቁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በሰው እንጨት ሥር ነበር የምናድረው።

ተዋበች ሰኔ ሊወጣ ሲል ወለደች፤ ወንድ። ያዋለዱት ጎረቤታችን እማማ ሽታዬ ናቸው። እልልታ አላሰሙም። «እልል ብል ጎረቤቱ ገንፎ ብሎ ይመጣል። ምኔን ላበላው ነው?» አሉ። እውነትም ነበር። ገብሱ ተሟጦ፣ የምንበላው በአብዛኛው የተቀቀለ ሳማ ሆኖ ነበር። ዝናቡ ያን ዓመት ተመልሶ ጥሎ ነበር፤ ግን በሬም ዘርም በሌለበት አገር ላይ ብርድ ብቻ ነው ያመጣው። እማማ ሽታዬ ካላቸው ጭላጭ ዘር ጓሯችን ላይ ትንሽ ገብስ በመቆፈሪያ ዘርተን ነበር። ዓይናችን እሱ ላይ ነው።

ከልደቱ ጥቂት ቀን በኋላ ደጅ ሆኜ ሳማ ስለቅም አያ ይመር በበቅሎ ደረሱ። ሌላ ሰው ደጅ አልነበረም። እኔ ከወንድሜና ከአባቴ በቀር ከወንድ ጋር ተነጋግሬ አላውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ልጅ ነኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በሰላም ተገላገለች?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አልሐምዱሊላህ። ወንድ ነው ሴት?»

አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ሒሳብ ያን ቀን ሠራልኝ። አርባ ቀን የሚሞላው ነሐሴ ላይ ነው፤ በረዶው ሣር የሚያስተኛበት፣ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን የማይነሣበት። ሰማንያው መስከረም ላይ ነው፤ ፀሐይ ይወጣል፣ የጓሯችን ገብስ እሸት ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው የእናትና የልጅ ነፍስ ነው።

«ሴት ናት» አልኩ።

«ሴት?»

«አዎ። ሴት።»

ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። «ከተማ ላይ ግድግዳ አቁሜ ጣራ አላገኘም። ዝናቡ ጭቃውን አጥቦ ሊጨርስብኝ ነው። ምናለ ወንድ በሆነ...» አሉና አቋረጡት። «ይሁን፣ አላህ የሰጠው ነው። ያሳድጋት። ሰማንያዋ ሲሞላ እመጣለሁ።»

ስገባ እማማ ሽታዬ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። «ዕድሜሽን ሙሉ ዝም ብለሽ ብለሽ፣ አፍሽን የከፈትሽ ዕለት ወንዱን ሴት አደረግሽው!»

ተዋበች አልሳቀችም። «ቢያውቁብንስ?»

«ማን ይነግራቸዋል? እልል ያለ የለ» አሉ እማማ።

ያ ሐምሌ እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። በየሰሞኑ ከጉሙ ውስጥ መጥረቢያ ይሰማል፤ የአንዱ ጎረቤት ቤት ነው። በዚያ ብርድ ማገዶ አጥተን ስንንቀጠቀጥ፣ ዙሪያችንን የቆመው ደረቅ እንጨት ነበር፤ አንዱንም ስንጥር መንካት አንችልም። የአያ ይመር ሠራተኞች በመንገዱ ሲያልፉ «ልጅቷ ደህና ናት?» ብለው ይጣራሉ። «ደህና ናት» እላለሁ ከውስጥ ሆኜ። ቢታወቅ በማግስቱ ጣራው ይነሣል። ቃል አፍርሳችኋል ሊሉን ይችላሉ፤ ሽማግሌም የሚፈርደው ለእሳቸው ነው።

አርባው ሲቃረብ ልጁ ሳል ያዘው። ተዋበች ደረቱን በእጇ እያሸች አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ።

«ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ?»

«በአርባው ከተጠመቀ ወንድነቱ ይሰማል።»

«ይሰማ! አንቺ ጣራ ጣራ ትያለሽ። ልጄ ነፍስ አለው።»

«ጣራ ከሌለው ነፍሱ የት ትቀመጣለች?» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳማ ልለቅም ወጣሁ። እሷም ልክ ነበረች፣ እኔም ልክ ነበርኩ። ሁለታችንንም የሚያኖር መንገድ ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ጣራውን እንደ ጠጠር ይመታዋል። በሩ ተንኳኳና አያ ይመር ውሃ እየተንጠባጠቡ «ቤቶች፣ አታስወጡኝ፣ በቅሎዬም አልቻለችም» እያሉ ገቡ። ከአቀስታ ሲመለሱ ነው ዝናቡ የያዛቸው። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ምሰሶው ነው፤ ከዚያ ወደ ልጁ።

ልጁ አለቀሰ። ጨርቁ ርሷል።

«ቀይሩላት እንጂ፤ በዚህ ብርድ!» አሉ።

ተዋበች ደንዝዛ ቀረች። እኔ ተቀብዬው ጀርባዬን ሰጥቼ ለመቀየር ተንበረከክኩ። ከእሳቱ ላርቀው አልችልም፣ ይስላል። የረጠበውን ጨርቅ ገለጥ ሳደርግ ብርዱ ነካው መሰለኝ፣ ሽንቱን ሽቅብ ለቀቀው። በትከሻዬ በላይ አልፎ ግማሹ ምድጃው ላይ ወድቆ ጭስ አለ፤ ግማሹ የአያ ይመር ጋቢ ላይ አረፈ።

ከኛው ጋር እሳት ይሞቁ የነበሩት እማማ ሽታዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እኔ አልዞርኩም። ልጁን ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አጣብቄ ያዝኩትና መጥረቢያውን እየጠበቅኩ ቀረሁ።

አያ ይመር ቀስ ብለው ጋቢያቸውን በእጃቸው ጠረጉት።

«ማሻ አላህ» አሉ። «ምን ያለች ብርቱ ሴት ናት!»

እማማ ሽታዬ መጀመሪያ ሳል የመሰለ ድምፅ አወጡ፤ ከዚያ ሳቁ አምልጧቸው ወጣ። አያ ይመር ግን አልሳቁም። በረዶው እስኪያባራ እሳቱን ሲያዩ ቆይተው ተነሡ። ወደ ምሰሶው ሄደው የራሳቸውን ሰረዞች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«የኔ ግድግዳ ከረጠበ ረጥቧል» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ተዋበች ዞሩ። «ያስላታል። ቄሱ ዘንድ አትዘግዩ። እኔ እስላም ነኝ፤ በናንተ ቤተ ክርስቲያን ማን እንደተጠመቀ የት አይቼ፣ ከማን ሰምቼ? ሰማንያዋ ሲሞላ ነው የምመጣው።»

ልጁ በአርባው ተጠመቀ። የቤት ስሙ ማን ይባል ሲባል እማማ ሽታዬ «መቆያ በሉት፤ አቆይቶናል» አሉ። መንደሩ ሁሉ አወቀ። መንደሩ ሁሉ ደግሞ የአያ ይመር ሠራተኞች ሲያልፉ «እንዴት ናት ልጅቷ?» እያለ ይጠይቀን ጀመር፤ ጮክ ብሎ፣ እንዲሰማ።

በመስከረም፣ በተባለው ቀን፣ አያ ይመር ሰዎቻቸውን ይዘው መጡ። ንጉሡ መውረዳቸውን የሰማነውም ከነሱ ነው። ፀሐይ ነበር። ገብሱ እሸት ይዟል፤ ጠብሰን አቀመስናቸው። ከዚያ ቤቱን አፈረሱት። የማላውቀውን ብርሃን ያን ቀን ምድጃችን ላይ አየሁ። ምሰሶው ሲነቀል የወጣው ጉድጓድ ምን ያህል ጥልቅ ነበር! አያ ይመር ከእንጨቱ አንዱንም አልተዉልንም፤ ተከፍሎበታል። ሣሩን ግን «ለቆርቆሮ ቤት ምን ያደርግልኛል» ብለው ተዉት። በእሱና ከእማማ ሽታዬ ጓሮ በቆረጥነው እንጨት አንዲት ጎጆ ቀለስን። ከበደ በጥቅምት ከአዋሽ ሲመለስ ልጁን በፀሐይ አገኘው።

አያ ይመር በእንዲህ ያለ እንጨት የሠሯቸው የኪራይ ቤቶች ግን ለእሳቸውም አልቆዩላቸውም። አብዮቱ ትርፍ ቤት ሲወርስ አንዱን ለመኖሪያ ትተውላቸው የቀሩት የቀበሌ ሆኑ። ከዓመታት በኋላ በዚሁ ደጅ ሳልፍ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ያቺ ሴት ልጃችሁ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ አያ ይመር። ሦስተኛ ክፍል ገብታለች።»

«ያሳድጋት» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ዓይናቸው ግን እየሳቀ ነበር።

ይህን ሁሉ ለመቆያ የነገርኩት ቤቱን አይተን እንደወጣን፣ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው። ሻዩ ቀዘቀዘበት።

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«ሴት ነበርክ ብዬ ልንገርህ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ከማዶ የአያ ይመርን ቤት ያያል። እኔም አየሁ። በኛ ጊዜ እንጨቱ ዋጋ ነበረው፣ መሬቱን የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ መሬቱ ነው ዋጋው፣ እንጨቱ ማገዶ ነው። ያኔም ዛሬም ዋጋ ሲነገር ሲጠራ ያልሰማሁት ከጣራው ሥር የሚያድረውን ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሰማሁ፤ እሱንም ጋቢው ከተበላሸበት ሰው።

ደላላው ስልኩን ጨርሶ መጣና ወንበር ሳበ። «እሺ ጋሼ፣ ምን ወሰናችሁ? ተከራይዋን ዛሬ ልንገራት?»

«እገዛዋለሁ» አለ መቆያ። «እሷን ግን አትንካት። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗን ትሙላ።»

«የቷ ልጅ?» አለ ደላላው ግራ ገብቶት። «ወንድ ነው እኮ የወለደችው።»

መቆያ ወደኔ ዞረ። ሰው ፊት መናገር እንደሚከብደኝ ያውቃል። ደላላውም ዓይን ዓይኔን ያያል። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ሴት ናት» አልኩ።