ተለቅሞ የመጣ ስንዴ

የምሠራው አሰላ ውስጥ፣ የስንዴ ዘር በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል። እናቴ ለጎረቤት "ስንዴ በኮረንቲ ታስሮጣለች" ትላለች፤ እውነቱን ለመናገር ከእሷ የተሻለ ያስረዳም የለም። አንዲት ፍሬ እፈጫለሁ፣ በፈሳሽ እበጠብጣለሁ፣ ጠብታዋን እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት በረጋ ጄል ውስጥ አኖርና ኤሌክትሪክ እለቅበታለሁ። በፍሬዋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወደ አንደኛው ጫፍ ይሳባል፤ ትንንሹ ይቀድማል፣ ትልልቁ ወደ ኋላ ይቀራል። ጄሉ ቀለም ሲነከር ሰማያዊ መስመሮች ተሰልፈው ይወጣሉ። እያንዳንዱ የስንዴ ዝርያ የራሱ ሰልፍ ስላለው ባዳ ከተቀላቀለ መደበቂያ የለውም።

ችግሩ መብራቱ ነው። መሃል ላይ ከጠፋ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፤ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ጄኔሬተር አለን፤ ናፍጣ ሲኖረው። ስንት ዓመት ከተናደዱ በኋላ መናደዱም ይደክማል።

አምና፣ ከመኸር እርሻ በፊት፣ ከዲክሲስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። የቀበሌያቸው የዘር ማኅበር የእሳቸውን ስንዴ ለአባላቱ ሊያከፋፍል መርጦት ነበር፤ የቀረው የእኛ ማረጋገጫ ብቻ ነው። ናሙናውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ፈታሁት። ገለባ የለው፣ ቀጫጫ ፍሬ የለው። "እንዴት ያለ ስንዴ ነው አባባ!" አልኩና መዘገብኩት።

ከመረመርኳቸው አሥራ ሁለት ፍሬዎች ሰባቱ ሌላ ዝርያ ሆኑ። "ለዘር አይሆንም" ብዬ ፈረምኩ፤ ደብዳቤው ለማኅበሩ ሄደ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። አልጮኹም።

"ልጄ፣ ዘር ቀላቃይ ተባልኩ" አሉኝ። "በዚህ ዕድሜዬ።"

"እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ አባባ። ናሙናውን ከየትኛው ጆንያ ነው ያወጡት?"

"ከሁሉም ነዋ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ቀን ቁጭ ብለን ወፍራም ወፍራሙን ለቀምንላችሁ። ቢሮ የሚሄድ ነገር እንዲሁ ይታፈሳል እንዴ?"

ያኔ ነው የገባኝ። እሳቸው ከሚዘሩት ዝርያ ይልቅ ፍሬው የሚወፍር ሌላ ስንዴ አለ። በየማሳው አንድ ሁለት ዛላ ሳይጠሩት ይበቅላል፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረውም የለም። ባልና ሚስቱ ለእኛ ክብር ብለው ወፍራሙን ሲለቅሙ እሱን ነበር የሚለቅሙት። የእኛ ቅጽ ደግሞ "ናሙና ያቅርቡ" ይላል እንጂ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ አይልም። እዚህ አገር ሰው ፊት ያልተበጠረ ነገር እንደማይቀርብ ግን አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው ያደግኩት። ቋጠሮውን ስፈታ ማድነቄን ትቼ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ በቂ ነበር። አፈርኩ። ደክሞኝ ነው ልል ፈለግሁ፣ ተውኩት።

"ዓይንዎን ጨፍነው ከየጆንያው አንድ አንድ እፍኝ ያምጡልኝ" አልኳቸው።

በማግስቱ ከነገለባው አመጡ። ሲሰጡኝ ፊቴን አላዩም። "ይሄ ያሳፍራል" አሉ።

በዚያ ሰሞን መብራቱ ሦስት ጊዜ ከመሃል ጠፋብኝ፤ ሦስቱንም ጄል ጣልኩ። እንደገና ፍሬ መፍጨት፣ እንደገና ማንጠባጠብ፣ እንደገና አምፖሉን እያዩ መቀመጥ። አራተኛው ተሳካ። ከሃያ አራቱ ፍሬዎች አንድም ባዳ አልነበረም።

ወዲያው ደወልኩላቸው። ከረጅም ጊዜ በኋላ በሥራዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነበር።

"አባባ፣ ስንዴዎ ንጹሕ ነው። ለዘር ይሆናል።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ዝናቡ ገባ እኮ ልጄ። ማኅበሩ ከሌላ ሰው ወሰደ፣ የእኛን ትናንት አስፈጨነው። ደብዳቤውን ግን ጻፊልኝ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰው ፊት ይነበብልኝ።"