ደብዳቤ የማይወጣባት ከተማ

ይህን የምጽፈው ለመሥሪያ ቤቴ ያቀረብሁት ሪፖርት ስለ ደብዳቤዎቹ እንጂ ስለ ሰውየው ምንም ስለማይናገር ነው።

በነቀምት የፖስታ ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ዘውዱ በወረደ በሦስተኛው ክረምት፣ ከአርጆ ወዲያ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ደብዳቤ መምጣቱን አቆመ። የላክነው ሁሉ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚወጣ ግን የለም። አለቃዬ ምክንያቱን አጣርቼ እንድመለስ አዘዙኝ፤ አዲሱን የከረጢት ማሸጊያ ማኅተም በቦርሳዬ ይዤ ተነሣሁ።

ከነቀምት እስከ አርጆ

ለአውቶቡሱ ሁለት ብር ከፈልሁ። ኬላው ላይ ወታደሮች አስወርደው ፈተሹን። አንዱ ማኅተሜን አገላብጦ አየና፣ «ይህ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ከረጢት ያሽጋል።»

ማኅተሙን እጄ ላይ መለሰልኝ። ዝናብ በመታው የበቆሎ ማሳ መካከል በጭቃ እየተንሸራተትን አርጆ ገባን።

ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱት አቶ ሸምሱ ሻይና ዳቦ አቀረቡልኝ። የምሄድበትን ስነግራቸው ሳቁ። «እዚያ ያለ ደንበኛዬ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ቢጠብቅ መልስ የለም፤ ራሱ መጥቶ የጻፈውን በቃሉ ነገረኝ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፖስታ ቤቱን የያዘው ተሬሳ ደህና ሰው ነው። ጥፋት ብታገኝ እንኳ አትቸኩልበት፣ ልጄ።»

ፖስታ ቤቱ

የአውቶቡሱ ቀን ስላልነበር ቡና በሚያመላልስ የጭነት መኪና ደረስሁ። ወሬዬ ቀድሞኝ ኖሮ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ታጥቆ ከሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋር በሩ ላይ ቆሟል። ሽበታሙ ኦቦ ተሬሳ፣ «አካም ነጉማ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሉኝ። ቴምብር አለ፤ አውቶቡስም ያልፋል። ከረጢቶቹ ግን አፋቸው ታስሮ፣ ሳይታሸጉ ከጓዳ ተቆልለዋል።

«ለምን አልታሸጉም?»

«በምን ላሽግ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ? የድሮው ማኅተም ዘውድ አለበት፤ በእርሱ እንዳታሽግ ተባልሁ። አዲሱ አልመጣም። ያልታሸገ ከረጢት ደግሞ ሾፌሩ አይጭንም።»

«ታዲያ ለነቀምት አይጽፉም ነበር?»

«ጽፌአለሁ።» ወደ ከረጢቶቹ ጠቆሙ። «እዚያ ውስጥ ነው።»

ማንም አልሳቀም።

ሊቀመንበሩ፣ «የድሮው ማኅተም የታለ?» አለ። ኦቦ ተሬሳ ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ናስ አወጡ። «ፈርሜ የተረከብሁት ነው፤ ተረካቢ ሳይመጣ አልጥለውም።»

«ዘውድ በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ጥፋቱ አዲሱን በጊዜ ያልላክነው የእኛ ነው፤» አልሁ።

ሊቀመንበሩ ቦርሳዬን ትኩር ብሎ አየ። «ይህን፣ ማኅተሙ በእርሱ ኪስ እንደነበረም ጭምር፣ በፊርማህ ታረጋግጣለህ?»

ጽፌ ፈረምሁ። ወረቀቱን አጥፎ ከድሮው ማኅተም ጋር ኪሱ ከተተና ሽማግሌውን እንዲወስዱ ሁለቱን የአብዮት ጥበቃዎች በአገጩ አዘዘ። ኦቦ ተሬሳ ከመሄዳቸው በፊት ቁልፉን ዘረጉልኝ፦ «ተረከበኝና ፈርምልኝ።» ፈረምሁላቸው። ደረሰኙን በጥንቃቄ አጥፈው ያዙ።

ወደ ነቀምት

ከረጢቶቹን አሽጌ ጫንሁ። ከሥር የነበረው በጣሪያው ፍሳሽ ከነደብዳቤዎቹ በስብሶ ኖሮ ሳነሣው ተቀደደ። የቀሩት ለባለቤቶቻቸው ደረሱ፤ የዚያች ከተማ ደብዳቤ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ስለ ኦቦ ተሬሳ ለቀበሌውም ለአውራጃውም ጻፍሁ፤ ደብዳቤዎቼ መድረሳቸውን አውቃለሁ፤ መልስ ግን አልመጣም። እውነትን ጽፎ መፈረም ሰውን እንደሚያድን በመጻሕፍት አንብቤ ነበር። አሁን በየቀኑ ስፈርም ወረቀቱ በማን ኪስ እንደሚገባ አስባለሁ።

የጠፋው፦ አንድ ከረጢት ደብዳቤ፣ አንድ የናስ ማኅተም፣ አንድ ሰው።